ቅጽ ሰባት

መታወቂያዬ «የእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኛ» ይላል፤
ሰፈሩ ማሳጠር ይወዳል፣ «ውሻ ገዳይ» ይለኛል።
አባቴ ማንደፍሮ ያለኝ ለጠላት ነበር፤
ዛሬ ጠላ ቤት ስገባ፣ ማን ደፍሮ ይቀመጥ ከጎኔ ወንበር?

ሥጋ ሻጩ ደረበ ያውቃል፤
ማክሰኞ ማታ ሳንባውን ለይቶ ይጠብቀኛል።
«ስንት ኪሎ?» አይልም። በጋዜጣ ይጠቀልላል፣
ብሩን በሁለት ጣት ይቀበላል።

ከዚያ ሌሊቱ የኛ ነው፤ እኔ፣ ሾፌሩ አጥናፉ፣ አንድ አካፋ፣
ከአራዳ ቁልቁል እስከ ቀሃ፣ መብራት እየጠፋ።
በግንቡ አጥር ሥር ስናልፍ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፦
ነገሥታቱ ለአንበሶቻቸው የድንጋይ ቤት ሠርተዋል፤
ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሟል፣ ቱሪስት ከፍሎ ያየዋል።
ለውሻ የሠራ የለም።
ሳንባውን እቆርጣለሁ፣ እወረውራለሁ፣ ዞሬ አላይም።

አትፍረዱብኝ ብዬ አልለምንም።
አዘዞ ላይ ግን አንድ ልጅ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፤
በጥር ውሻ ነከሰው። እናቱ ጠበል ይዛው ዞረች። በየካቲት
ጣሳ ውኃ ሲያቀርቡለት ሸሸ፣ እንደ እሳት።
አባቱ ቢሯችን መጣ፣ ጠረጴዛዬን በመዳፉ መታ፦
«እናንተ ምን ትሠራላችሁ?»
መልስ አልነበረኝም ያን ለታ።
ማታውን መርዙን እጥፍ አደረግሁት።

ሲነጋ ጋሪ እንገፋለን፣ የወደቀውን እንቆጥራለን፤
ቅጽ ሰባት ላይ ቀበሌ፣ ቀን፣ ብዛት እንሞላለን።
«ባለቤት» ለሚለው ሁልጊዜ «የለውም»።
ደመ ከልብ ይላል አገሬ፣ ጠያቂ ላጣ ደም።
ይኸው ከልቡ፣ ይኸው ደሙ፣
ማን መጥቶ ይጠይቅ በስሙ?

አንድ ሰው መጣ።

እንየው ነው፣ ከቀሃ ድልድይ ማዶ የጣውላ መጋዘን ዘበኛ፣
ካፖርቱ ቁልፍ የሌለው፣ ዓይኑ ሌሊቱን ያልተኛ።
አልጮኸም። አልሰደበኝም። ጋሪውን ዞሮ አየና
ቡናማዋን በተቀደደ ጆሮዋ ለየ፣ ጎንበስ አለና
ከአንገቷ የተበጠሰ ሲባጎ ፈታ።
«አስሬያት ነበር» አለ፣ «እኔ ላይ ነው ጥፋቱ።
ሌባውን የያዘችው እሷ፣ የተሸለምኩት እኔ፤ እንግዲህ ሰባት ዓመቱ።»
ሲባጎውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቅጹን አየ።
«ስሟንም ትጽፋለህ?» ብሎ ጠየቀ።

ቅጹ ላይ ስም የሚባል ዓምድ የለም።
«ማን ትባላለች?» አልኩት፣ ለማለት ያህል ብቻ፣ ለይሉኝታ።
«ማን አለኝ» አለ።
የሷ ስም መሆኑ እስኪገባኝ ቆየሁ ጥቂት አፍታ።

«ምርመራ» በሚለው ጠባብ ዓምድ አስገባኋት፣ ፊደሉን አጥብቤ።
በሦስተኛው ቀን ተመለሰልኝ፣ በቀይ ተሰምሮበት፣
«አላስፈላጊ ጽሑፍ አለ፤ ቁጥር ብቻ ይሞላበት።»
ሞላሁ። አሥራ አንድ።

ዘንድሮ መርዙ ቀርቷል። ክትባት መጥቷል፣ በበረዶ ሣጥን፤
የተወጋውን ጆሮው ላይ ቀይ ቀለም እንቀባለን።
ውሾቹ ግን አዲሱ መመሪያ አልደረሳቸውም፣
መኪናችን ገና ስታስል እስከ ቁስቋም አቀበት አይቆሙም።
ሳንባው ንጹሕ ነው። ማን ይመናል?
ያው ሳንባ ነው፣ ያው እጅ ነው፣ ያው ሰው ነው የሚወረውራል።

ትናንት አንዷ ቆመች።
ሳሙና በር ላይ፣ ከተዘጋው ወፍጮ ቤት ጥግ፣ ጡቷ ወርዶ፣
ልትሸሽ አስባ፣ ርቧት፣ ሐሳቧ ለሁለት ተከፍሎ።
ልጠራት ፈለግሁ። ስም አልነበረኝም ሌላ፣
ያፌ ላይ የነበረው አንድ ነው፣ እሱው ወጣ፦
«ማን አለኝ…»

አጥናፉ ከመሪው ኋላ አንገቱን አወጣ፣
«ምን አልክ?»
«ምንም» አልኩት፣ «መብራቱን አጥፋው፣ ትምጣ።»